«ሽጉጥዎን ልቀበልዎት?»

የእኛ ሰው ለሁሉም ነገር ሥርዓት አበጅቷል። እንግዳ ሲገባ ብድግ ተብሎ «ኖር!» ይባላል፤ ገቢውም «በእግዜር» ብሎ ተነሺውን መልሶ ያስቀምጣል። ኮት የት እንደሚሰቀል፣ ጃንጥላ ተራግፎ የት ጥግ እንደሚቆም፣ ባርኔጣ በማን ፊት ከራስ እንደሚወርድ የታወቀ ነው። ትናንት የመጣው ሞባይል እንኳን ገና ወሬው ሳይበርድ «ቤተ ክርስቲያን ስትገቡ አጥፉት» ተብሎ ሕግ ወጣለት። ታዲያ የሽጉጥን ሥርዓት ማን ደነገገ? ሽጉጡን ቀበቶው ላይ በግላጭ አንጠልጥሎ ሰው ቤት የገባ እንግዳ ምን ያድርገው? እሱስ ይሁን፣ እኛ ምን እንሁን? አይተን እንዳላየን እንለፈው? ወይስ «ሲያምር! ከየት አገኙት?» እንበል?

ሰላምታው ራሱ ፈተና ነው። ጉንጭ ለጉንጭ በፍቅር እየተሳሳምን ከወገባችን በታች እንደ ባላንጣ እንራራቃለን። አንድ ሠርግ ላይ ደግሞ ታጥቆ እስክስታ የወረደ ሰው አይቻለሁ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ወገቡ ይንቀጠቀጣል፤ ወገቡ ሲንቀጠቀጥ የከበበው ሰው ወደ ኋላ ይላል። በመጨረሻ ዘፋኙ ሳይቀር ማይክራፎኑን ይዞ ወደ ጓዳ አፈገፈገና ሰውየው መሃል ሜዳ ላይ ብቻውን ቀረ። እሱ ግን እስከ ዛሬ «እኔ ስጨፍር ሕዝቡ ቦታ ይለቅልኛል» እያለ ይኩራራል።

ይህን ሁሉ የምቀባጥረው ወድጄ አይደለም። እኔ ራሴ አንድ እሑድ ጠዋት ቀበና ውስጥ፣ ሶፋ ላይ፣ ከሽጉጥ ጎን ተቀምጬ ቁርስ በልቻለሁ። በላሁ ከተባለ።

ነገሩ ሲሆን መንግሥት ከተለወጠ አሥር ዓመት ገደማ ሆኖት ነበር። የእህቴ ባል ጌታቸው አንድ ዓርብ መሥሪያ ቤቴ ድረስ መጣና «እሑድ ለሰላማዊት ሽማግሌ ሊመጣ ነው፤ የምትናገርልን አንተ ነህ» አለኝ። ለምን እኔ? ምላሴ ጣፋጭ ነው ተብሎ በዘመድ ዘንድ ስለሚወራ ነው። ወሬውን ማን እንደጀመረው ባላውቅም እኔ አላስተባበልኩም።

ሰላማዊት የእህቴ የመጀመሪያ ልጅ ናት። ያን ጊዜ በነርስነት ትምህርት የመጨረሻ ዓመቷ ነበር። ልጁን ትወደዋለች፤ ልጁም የቀያሽነት ሥራ ያለው ጨዋ ልጅ ነው። ችግሩ ያለው ቀኑ ላይ ነው። ጊዜው የጥቅምት መጨረሻ ሲሆን የልጁ ቤተሰብ ሠርጉን ለጥር ፈልገዋል። ጥር ደግሞ ሰላማዊት ከሆስፒታል ሆስፒታል እየዞረች የተግባር ልምምድ የምትሠራበት ወር ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት ቤታቸው ስሄድ ልጅቱ ለብቻ ወስዳ ያዘችኝ። «ጋሼ» አለችኝ፣ «ልጁን እሺ በሉ፤ ጥርን እምቢ በሉ። የዛሬ ዓመት ጥቅምት ይሁን። ካገባሽ በኋላ ትጨርሻለሽ ተብላ የጨረሰች ሴት አላየሁም።» እናቷ፣ ማለትም እህቴ፣ ሽንኩርት እየከተፈች ትሰማ ነበር። «እውነቷን ነው» አለች ቀና ሳትል። «እኔም ለትንሽ ጊዜ ብዬ ነው አሥራ አንደኛ ክፍል ላይ ደብተሬን ያስቀመጥኩት።» ሽንኩርቱ ነው ያስለቀሳት ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

ጌታቸው ደግሞ ቤቱ መሃል ቆሞ ፎከረ። «ጥር የሚል ሰው በዚህ በር አይወጣም!» አለ። ሰውየው ሲፎክር ያምርበታል። እኔም «ግዴለህም፣ ለእኔ ተውልኝ» ብዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

እሑድ ሦስት ሰዓት ሲል በሩ ተንኳኳ። የመጡት ሁለት ናቸው። አንደኛው ጡረታ የወጡ አስተማሪ፣ መምህር አሰፋ፤ ቀጭን፣ መነጽራም፣ ከመናገራቸው በፊት ጉሮሯቸውን የሚጠርጉ። ሁለተኛው የልጁ አያት፣ አባባ ይልማ። ከፈረንሳይ ሰፈር በላይ፣ ባሕር ዛፉ የሚጀምርበት እንጦጦ ሥር፣ ድንችና ንብ ይዘው የሚኖሩ ግዙፍ ሽማግሌ ናቸው። ከባሕር ዛፍ ውስጥ ስለመጡ ነው መሰለኝ እሳቸው ራሳቸው ባሕር ዛፍ አክለዋል። ነጭ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ አጣፍተው ጎንበስ ብለው ሲገቡ ቀበቷቸው ላይ አንድ ጥቁር የቆዳ ማኅደር አየሁ።

ሞባይል መሰለኝ። ያን ጊዜ ሞባይል የያዘ ሁሉ ወገቡ ላይ ነበር የሚያስረው። «እኚህ ሽማግሌ እንዴት ሠልጥነዋል!» ብዬ ሳልጨርስ ከማኅደሩ ጫፍ እጀታ ብቅ ብሎ አየሁ። ሞባይል ደግሞ እጀታ የለውም።

ጌታቸውም አይቷል። «ጥር የሚል በዚህ በር አይወጣም» ያለው ሰውዬ «ግቡ! ግቡ! ቤት ለእንግዳ!» እያለ የኋሊት ሄዶ ሄዶ ከቡፌው ጎን ያለች ሚጢጢ ወንበር ላይ ተቀመጠ። እዚያ ወንበር ላይ ሰው ሲቀመጥ አይቼ አላውቅም፤ የአበባ ማስቀመጫ ነበረባት።

ሽማግሌዎቹ በወጉ አልቀመጥም አሉ። መምህር አሰፋ ጉሮሯቸውን ጠርገው «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉና ልጃችሁን ለልጃችን፣ ለጥር፣ ብለው አሳምረው ተናገሩ። አባባ ይልማ ቃል አልተነፈሱም። እጃቸውን እፊታቸው አጣምረው ቆመዋል፤ የተጣመረው እጅ ከእጀታው በላይ አንድ ስንዝር ላይ ነው ያረፈው።

ተራው የእኔ ሆነ። ሌሊቱን ያጠናሁት ንግግር ነበረኝ፤ «አበባ በወቅቱ ነው የሚቀጠፈው» የሚል ጣፋጭ ነገር ሁሉ ነበረበት። አፌን ስከፍት የወጣው ግን «እ... ቁጭ በሉ፣ እናስብበታለን፣ ቁርስ አለ» የሚል ነው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ? አባባ ይልማ ዓይናቸውን ቤቱ ውስጥ አዙረው አዙረው መጡና ከእኔ ጎን ሶፋው ላይ ተቀመጡ።

ሶፋው አሮጌ ነው፤ ከባድ ሰው ሲቀመጥበት ቀላሉ ሰው ወደ ከባዱ ይንሸራተታል። ተንሸራተትኩ። ማኅደሩ ተጣመመና አፈሙዙ በቀጥታ ወደ ጉልበቴ ዞረ። እግሬን አነሳሁት፤ ወደ ታፋዬ ዞረ። ፈቀቅ አልኩ፤ ሶፋው መልሶ አመጣኝ። ኧረ ለመሆኑ ምን ይባላል? «ይቅርታ አባባ፣ ሽጉጥዎ እያየኝ ነው» ይባላል?

ቁርሱ ቀረበ። ሽማግሌው ወደ ትሪው ጎንበስ ባሉ ቁጥር አፈሙዙ እኔ ላይ ይወጣል፣ ይወርዳል። ከዚያ በትልቁ ጠቅልለው ዘወር አሉና ጉርሻ ዘረጉልኝ። ጉርሻና ፍቅር ያስጨንቃል ያለው ሰው ለካ ነገሩን አይቶ ነው! የታጠቀ ሰው ሲያጎርስ «በቃኝ» ይባላል? ጎረስኩ። ሁለተኛው ያፋቅራል አሉ፤ ጎረስኩ። ሦስተኛውን ሲጠቀልሉ እንባዬ መጣ። ከቡፌው ጎን ጌታቸው ጣራ እየቆጠረ ነበር።

በወጉ ከሆነ በሽማግሌ ቀን ልጅቱ አትታይም። ሰላማዊት ግን እናቷ እጇ ሥራ ስለያዘ የእጅ ውኃ ይዛ ገባች። መጀመሪያ እኔን አየች፤ በሁለት ጉንጬ ጎርሼ ላብ በላብ ሆኛለሁ። ቀጥላ ጉልበቴን አየች፤ ዓይኗ ከጉልበቴ ወደ አፈሙዙ ሄደ። ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠች፣ እጅ ነሳች፣ ከዚያም ልክ ኮት እንደሚቀበል ሰው ሁለት እጇን ዘርግታ፣

«አባባ፣ ሽጉጥዎን ልቀበልዎት?» አለች።

ጌታቸው መቁጠሩን አቆመ። እኔ ማላመጡን ሳልጨርስ ዋጥኩ።

አባባ ይልማ ቀና ብለው አዩዋት። ፊታቸው ቀስ እያለ እንደ ማለዳ ሰማይ ተከፈተ። «ተባረኪ የኔ ልጅ!» አሉ። «ሃያ ዓመት ሙሉ ሰው ቤት ስገባ ሰው ሁሉ ወገቤን እያየ ያስቀምጠኛል። የት ላኑረው ብዬ እጄን ወደዚህ ከላክሁ ቤቱ ባዶ ይሆናል። አንድም ሰው ልቀበልህ ብሎኝ አያውቅ!»

መምህር አሰፋ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም ደፈር ብዬ «ቤት ትተውት ቢመጡስ ኖሮ?» አልኩ።

«ቤት ሕፃናት አሉ። ከእኔ ወገብ የተሻለ ቦታ የለውም። ፈቃዱም በእኔ ስም ነው» አሉኝ። ከዚያ ጥይቱን አውጥተው ኪሳቸው ከተቱ፤ ባዶነቱን ሁለት ጊዜ አይተው ሽጉጡን ከነማኅደሩ ለሰላማዊት ሰጧት። እሷም በሁለት እጇ ይዛ፣ እንቅልፍ የወሰደው ሕፃን እንደምታስተኛ፣ መኝታ ቤት ገብታ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፈችበት። እኔም እግሬን ዘረጋሁ። ደም ጉልበቴን ጠይቆ ተመለሰ።

«አሁን እንግዲህ» አሉ አባባ ይልማ፣ እጃቸውን እያፋተጉ፣ «እንነጋገር!»

ሰላም የሰፈነ መስሎኝ ነበር። ለካ ጦርነቱ ገና አልተጀመረም። ሽማግሌው ጋቢያቸውን ወደ ኋላ ጣል አደረጉና ድምፃቸውን ለቀቁት። «አባቴ ያን ብረት ሲያወርሰኝ አስምሎኛል! ታጥቀህ ድምፅህን ከፍ አታድርግ፣ ታጥቀህ ቃል አትመላለስ፣ የታጠቀ ሰው የተባለውን ሰምቶ እሺ ብሎ ይወጣል ብሎኛል። መምህርን ይዤ የምዞረውም ለዚህ ነው። ዛሬ ግን እግዜር ይስጣትና ልጃችሁ ፈታችኝ። ሠርጉ ጥር ነው!»

ጣፋጩን ምላሴን መዘዝኩ። አንድ ስል ሦስት ይመልሳሉ። የዛሬ ዓመት ጥቅምት አልኩ። «የዛሬ ዓመትን ማን አየው? እኔ ስንት ዓመት የቀረኝ ይመስልሃል?» አሉኝ። ትምህርቷስ አልኩ። «ትምህርት ቤቱ እግር አውጥቶ ይሄዳል?» አሉ። ልምምዷ ጥር ላይ ነው አልኩ። «ሙሽራ ሆና ብትለማመድ በሽተኛው ይጠላል?» አሉ። ያስቃሉ፣ ያስለቅሳሉ፣ ከመዝሙረ ዳዊት ይጠቅሳሉ፣ የሟች ሚስታቸውን ስም ይጠራሉ። «የልጅ ልጄን ሠርግ ሳላይ ልሙት?» ሲሉማ ጌታቸው ከቡፌው ጎን ሆኖ «እውነትም... ጥር ደግሞ አየሩ ጥሩ ነው» አለ። አየሩ!

የጓዳው በር ላይ እህቴ ቆማለች። እርጥብ እጇን በመቀነቷ እየጠረገች ነበር፤ እጇ ከደረቀ በኋላም መጥረጓን አልተወችም። እኔ ግን ያን እጅ እያየሁም ቢሆን «እንግዲህ... እሺ» የምትለዋ ቃል ጥርሴ ሥር ደርሳ ነበር። ሳስበው እስከ አሁን ያሳፍረኛል። የታጠቀውን ሰው ፈርቼ ዝም አልኩ ይባል፤ ያልታጠቀውን ግን ምን ልበል?

በዚህ መሃል የመኝታ ቤቱ በር ተከፈተ። ሰላማዊት ማኅደሩን ንጹሕ ነጭ ጨርቅ ላይ አድርጋ፣ በሁለት እጇ ይዛ መጣች። ሽማግሌው ፊት ጎንበስ አለች።

«አባባ፣ ሽጉጥዎ» አለች።

«ገና ነን እኮ ልጄ፤ መቼ ልንሄድ ተነሳን!»

«አይ፣ የጎረቤት ልጆች ሊመጡ ነው። የቁም ሣጥኑ ቁልፍ ደግሞ ማንም እጅ የሚገባ ነው። ከእርስዎ ወገብ የተሻለ ቦታ አጣሁለት።»

አባባ ይልማ ሽጉጡን አዩ። ልጅቱን አዩ። እንደገና ሽጉጡን አዩ። ገብቷቸዋል፤ መግባቱንም እሷ አውቃለች። ግን ምን ያድርጉ? እሳቸው ራሳቸው የተናገሩት ቃል ነው፤ ሽማግሌ ደግሞ ቃሉን አያጥፍም። ቀስ ብለው ተነሱ፣ ማኅደሩን ቀበቷቸው ላይ አሰሩ፣ ጋቢያቸውን አጣፉ፣ እጃቸውን አጣምረው ተቀመጡ። አፈሙዙ ተመልሶ ጉልበቴ ላይ መጣ። በዚህ ጊዜ ግን ጉልበቴን አልነቀነቅኩትም።

«አሁን ጋሼ ስለ ጥቅምት ይናገር» አለች ሰላማዊት፣ ማንቆርቆሪያዋን አንስታ እየወጣች።

ተናገርኩ! አቤት እንዴት ተናገርኩ! አበባው በወቅቱ መቀጠፉን፣ የእህቴን የአሥራ አንደኛ ክፍል ደብተር፣ የልጅቱን ልፋት ሁሉ አንድም ሳላስቀር ዘረገፍኩት። አባባ ይልማ ሁለት ጊዜ አፋቸውን ከፈቱ፤ ሁለት ጊዜ ወደ ወገባቸው አይተው ዘጉት። መምህር አሰፋ ሳቃቸውን ለመደበቅ መነጽራቸውን አውልቀው ይጠርጋሉ።

«እሺ» አሉ አባባ ይልማ በጣም በዝግታ። «የዛሬ ዓመት ጥቅምት ይሁን።»

የጓዳው በር ላይ እልልታ ቀለጠ። እህቴ እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳላት አላውቅም ነበር። ጌታቸውም ከሚጢጢዋ ወንበር ተነስቶ «አላልኳችሁም?» አለ።

እንግዶቹን እስከ ቀበና ድልድይ ሸኘኋቸው። መምህር አሰፋ ቀድመው ሲሄዱ አባባ ይልማ ክንዴን ይዘው አስቆሙኝ። ያኔም ቢሆን ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም፤ ታጥቀዋላ።

«ስማኝ ልጄ» አሉኝ በሹክሹክታ፣ «እኛ ልጃችሁን ልንጠይቅ መጥተን የራሳችንን ልጅ አስረክበን ሄድን እኮ።»