የአቶ ቢሰጥ ቀኝ እግርና የአምስተኛው ማርሽ ጉዳይ

የሰመራ የመኪና ውድድር ጌም ቡድን ኮሚቴ 3ኛ አስቸኳይ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ሐሙስ ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.
ቦታ፦ ሰመራ፣ ከወ/ሮ ኑርሀያት ሻይ ቤት ጀርባ ያለው የጌም ክፍል
ሰዓት፦ ለ9፡00 ተጠርቶ 10፡10 የተጀመረ

የተገኙ አባላት
1. መምህር ውባየሁ፣ ሰብሳቢ (የፊዚክስ መምህር)
2. ወ/ሮ ኑርሀያት፣ አባል (የክፍሉ፣ የቴሌቪዥኑና የቬንቲሌተሩ ባለቤት)
3. አቶ ቢሰጥ፣ አባልና የቡድኑ ሾፌር (ሥራ ያቆሙ የተሳቢ ሾፌር)
4. ወ/ሪት ሀምዳ፣ አባልና ተጠባባቂ ሾፌር (የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ)

ያልተገኙ፦ አቶ አብራር፣ ጥጥ ሊያስጭኑ መልካ ወረር በመሄዳቸው
ጸሐፊ፦ ኃይለ ልዑል፣ ከመዝገብ ቤት (ድምፅ የሌለው)

ምልዓተ ጉባኤን በተመለከተ፦ መተዳደሪያ ደንቡ “ግማሽ ሲደመር አንድ” ይላል። ሰብሳቢው የአምስት ግማሽ ሁለት ተኩል፣ አንድ ሲደመርበት ሦስት ተኩል እንደሚሆን አስልተው ግማሽ ሰው ከየት እንደሚመጣ ቤቱን ጠየቁ። ወ/ሮ ኑርሀያት አራት ሰው ቁጭ ብሎ እያያቸው ግማሽ ሰው መፈለጉ እንዳልገባቸው ገለጹ። ለሃያ ደቂቃ ከተመከረበት በኋላ አራት ከሦስት ተኩል እንደሚበልጥ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል።

የስብሰባው መነሻ፦ ቅዳሜ የአዋሽ ቡድን ለመልስ ግጥሚያ ወደ ሰመራ ይመጣል። ባለፈው አዋሽ ላይ ተሸንፈን መመለሳችን ይታወሳል። በደንቡ መሠረት እያንዳንዱ ቡድን አንድ ሾፌር አቅርቦ አምስት ዙር ይነዳል። ሾፌሩ ወይ በመሪና በእግር መርገጫ፣ ወይ በእጅ ጆይስቲክ መንዳት ይችላል። አቶ ቢሰጥ የሚነዱት በመሪና በመርገጫ ነው። ካለፉት ሦስት ሳምንታት ወዲህ ግን፣ በረጅሙ ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ወ/ሪት ሀምዳ በጆይስቲክ 283 የምታስሮጣት መኪና በአቶ ቢሰጥ እግር ከ231 አላልፍ ብላለች።

አጀንዳ 1፦ የማርሽ ማስተካከያ

ሰብሳቢው ችግሩ ከአምስተኛው ማርሽ መርዘም የመጣ ነው ብለው ስሌቱን በወ/ሮ ኑርሀያት ማቀዝቀዣ በር ላይ በማርከር ጻፉ። ወ/ሮ ኑርሀያት ተቃውሞ አሰሙ። ሰብሳቢው ጽሑፉ በውኃ እንደሚለቅ አረጋገጡ። አለመልቀቁም ወዲያው ተረጋገጠ።

ወ/ሪት ሀምዳ መኪናዋ ቶሎ እንድትነሳ ማርሾቹ ሁሉ አጭር ይሁኑ አለች። አቶ ቢሰጥ በበኩላቸው አንደኛውና ሁለተኛው ለዳገት ያስፈልጋሉና ማንም እንዳይነካቸው አሳሰቡ። በውድድሩ ሜዳ ላይ ዳገት እንደሌለ ሲነገራቸው “ዳገት የሌለበት መንገድ አላውቅም” በማለት መልሰዋል። አክለውም ይህች መኪና ጭነት አለባት፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ጂቡቲ የተመላለሰ ሰው ባዶና የተጫነ መኪና አይጠፋውም አሉ። ሰብሳቢው በቴሌቪዥን ውስጥ ያለ መኪና ጭነት ሊኖረው እንደማይችል በማስረዳት አስተያየቱ እንዲታለፍ አድርገዋል።

ከረጅም ውይይት በኋላ፣ የማንም ሐሳብ ወድቆ ማንም እንዳይከፋው ሲባል፣ ጎዶሎ ቁጥር ያላቸው ማርሾች በወ/ሪት ሀምዳ፣ ሙሉ ቁጥር ያላቸው ደግሞ በአቶ ቢሰጥ ሐሳብ እንዲስተካከሉ ተወስኗል። በተደረገው ሙከራ መኪናዋ በአንደኛ ማርሽ ተፈናጠረች፣ በሁለተኛ አንቀላፋች፣ በሦስተኛ እንደገና ነቃች። ሰብሳቢው ውጤቱ አበረታች ነው ብለዋል።

አጀንዳ 2፦ የነዳጅ መርገጫው ስሜት

እግር ሲጫን መኪናዋ ምን ያህል ቶሎ እንደምትመልስ የሚወስን ከአንድ እስከ አሥር የሚደርስ ቁጥር በጌሙ ውስጥ አለ። እስካሁን የነበረው አምስት ነው። ሰብሳቢውና ወ/ሪት ሀምዳ ዘጠኝ ይሁን አሉ። አቶ ቢሰጥ ነዳጅ በእግር ጣት እንደሚሰጥ፣ ዘጠኝ ላይ ግን ጣት ሳይነካው ሐሳብ ብቻ እንደሚበቃ ተናግረው ተቃወሙ። ወ/ሮ ኑርሀያትም ስለ መርገጫው እንደማያውቁ፣ ነገር ግን ማቀዝቀዣቸውን ካበላሸ ሰው ጋር አብረው እጃቸውን እንደማያወጡ ገልጸው ተቃወሙ። ድምፁ ሁለት ለሁለት በመሆኑ ሰብሳቢው በደንቡ የተሰጣቸውን ሁለተኛ ድምፅ ለራሳቸው ሐሳብ ሰጥተዋል። ዘጠኝ ጸድቋል።

በሙከራው መኪናዋ የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ሁለት ጊዜ ዞራ ግንቡን መታች። ፍጥነቷም ቢሆን ከ240 ከፍ አላለም።

በዚህ መካከል ሻይ ቀርቧል። ጸሐፊው ድምፅ የለውም ማለት ሻይ አይጠጣም ማለት እንዳልሆነ ለወደፊቱ እንዲታወቅ በዚሁ ይመዘገባል።

አጀንዳ 3፦ የአቶ ቢሰጥ ቀኝ እግር

ሰብሳቢው ይህን አጀንዳ ያነሱት ሳይወዱ እንደሆነ ገልጸው፣ መርገጫው ምን ያህል እንደተረገጠ የሚያሳየውን አረንጓዴ መስመር በቴሌቪዥኑ ላይ አመለከቱ። መስመሩ አቶ ቢሰጥ በሙሉ ኃይላቸው ሲረግጡ እንኳ ጫፍ አይደርስም፤ አምስተኛ እጁ ባዶ ይቀራል። ስለዚህ ችግሩ ማርሽም ቁጥርም ካልሆነ እግር ነው ሲሉ ደመደሙ።

ወ/ሮ ኑርሀያት “ኧረ በአላህ! ሰው ፊት እንዲህ ይባላል?” በማለት ሥነ ሥርዓት ጠየቁ። ሰብሳቢው ሥነ ሥርዓት የሚያስከብሩት እሳቸው መሆናቸውን አስታወሱ።

አቶ ቢሰጥ ቃላቸው ሳይቀነስ እንዲያዝ ጠይቀው የሚከተለውን ተናግረዋል፦ “ስኳር እንዳለብኝ ታውቃላችሁ። ሐኪሙ ‘እግርህ ስሜቱን ሊያጣ ይችላል፣ ከእንግዲህ ጭነት ይዘህ መንገድ አትውጣ’ ካለኝ ሁለት ዓመት ሆነኝ። መኪናውን አስረከብኩ። ከዚያ ወዲህ የያዝኩት መሪ ይሄ ብቻ ነው። ሰሞኑን እስከ መጨረሻው የረገጥኩ ይመስለኛል፣ መስመሩ ግን አልረገጥክም ይለኛል። እንግዲህ እግሬ ነው የሚዋሸኝ። በኔ እግር ሰመራ ደግማ አትሸነፍ።”

ወ/ሮ ኑርሀያት ተነስተው ቬንቲሌተሩን ወደ አቶ ቢሰጥ አዞሩት።

በዚሁ መሠረት አቶ ቢሰጥ ከሾፌርነት ተነስተው “የክብር የመንገድ አማካሪ” እንዲሆኑ፣ ቅዳሜ ወ/ሪት ሀምዳ እንድትነዳ የሚለው ሐሳብ ለድምፅ ቀረበ። ወ/ሪት ሀምዳ “ጋሼ እያሉ እኔ? አልችልም” ብላ ድምፅ ተአቅቦ አደረገች። ወ/ሮ ኑርሀያት ተቃወሙ። ሰብሳቢው ደገፉ። አቶ ቢሰጥም በራሳቸው መነሳት ላይ እጃቸውን አወጡ። ሐሳቡ በሁለት ድጋፍ፣ በአንድ ተቃውሞና በአንድ ተአቅቦ ጸድቋል። ጸሐፊው በዚህ ኮሚቴም ሆነ በመዝገብ ቤቱ ብዙ ውሳኔ ጽፏል፤ እንዲህ እጁን የከበደው ግን የለም። ይህ የጸሐፊው የግል አስተያየት ስለሆነ ከውሳኔው ጋር አይታይም።

አጀንዳ 4፦ ሳይያዝ የመጣ

ውሳኔውን በመጻፍ ላይ እያለ እስክሪብቶው ከጸሐፊው እጅ አምልጦ ከጠረጴዛው ሥር ተንከባለለ። ጸሐፊው ሊያነሳው ተንበርክኮ በገባበት፣ በነዳጅ መርገጫውና በተተከለበት ብረት መካከል፣ ልክ ማጠፊያው ውስጥ የተሰነቀረ ነገር አየ። በእስክሪብቶው ጫፍ ፈልቅቆ አወጣው። ተበልቶ የተጣለ የተምር ፍሬ ሆኖ ተገኝቷል።

አቶ ቢሰጥ እንዲረግጡ ተጠየቁ። ረገጡ። አረንጓዴው መስመር ጫፍ ደረሰ። እንደገና ረገጡ፤ እንደገና ደረሰ። ወ/ሮ ኑርሀያት እልል አሉ። አቶ ቢሰጥ “ፍሬው ነው እንጂ እግሬ አይደለም?” ሲሉ ሦስት ጊዜ ጠይቀው ሦስቱም ጊዜ ፍሬው መሆኑ ተነገራቸው። ጭነት አለባት ብለው እንደነበርም አስታውሰዋል።

ወ/ሪት ሀምዳ ማርሾቹንና ቁጥሩን ወደ ነበሩበት መለሰች። አቶ ቢሰጥ አንድ ዙር ነዱ። ቀጥ ባለው መንገድ 283 ገቡ፤ ዙሩንም ወ/ሪት ሀምዳ ከጨረሰችበት ምርጥ ሰዓት በአንድ ሰከንድ ቀድመው ጨረሱት። ከሁሉ አብልጣ ያጨበጨበችው ራሷ ሀምዳ ናት።

የፍሬውን ባለቤት በተመለከተ፦ ከአሳይታ የመጣ ተምር በየስብሰባው ይዘው የሚገኙት ሰብሳቢው ብቻ መሆናቸውን ቤቱ አስታውሷል። ሰብሳቢው ነገሩ እንዳይድበሰበስ አጣሪ ንዑስ ኮሚቴ ይቋቋም የሚል ሐሳብ አቅርበው የሚደግፍ አላገኙም። በዚያው የተምሩን ሳህን በክንዳቸው ቀስ አድርገው ወደ ወረቀታቸው ሥር ሲያስገቡ ታይተዋል።

የመጨረሻ ውሳኔ

ከአጭር ውይይት በኋላ በሙሉ ድምፅ፦ በአጀንዳ 1፣ 2 እና 3 የተወሰነው ሁሉ እንዳልተወሰነ ይቆጠር፤ አራት ከሦስት ተኩል ይበልጣል የሚለው ብቻ ይጽና። ቅዳሜ ሰመራን ወክለው አቶ ቢሰጥ ይንዱ። በዚህ ክፍል ተምር አይበላ። ሰብሳቢው ማቀዝቀዣውን በሚለቅ ነገር ፈልገው ያጽዱ። የተምሩ ፍሬ በፖስታ ታሽጎ ከዚህ ቃለ ጉባኤ ጋር ይያያዝ፤ አቶ ቢሰጥ ለሐኪማቸው ለማሳየት አንድ ግልባጭ ይሰጣቸው።

ስብሰባው ከምሽቱ 12፡15 ተዘግቷል። አቶ ቢሰጥ ግን ከመሪው አልነሳም በማለታቸው ወረቀቱ ያሉበት ድረስ ተወስዶላቸው በአንድ እጃቸው እየነዱ ፈርመዋል። ፊርማቸው ተጣሞ ከመስመር የወጣው በዚህ ምክንያት ስለሆነ ማንም እንዳያርመው።