ጥቁሩ ሽቦ ወደ ማሳ

ከሰነፍ ሠራተኛ ይልቅ የሚያስፈራው የታዘዘውን አንድ ሳያጎድል የሚፈጽም ሠራተኛ ነው። ሰነፉ ቢያንስ ተቀምጦ ይውላል፤ ጉድ የሚያፈላው ታዛዡ ነው። ማስረጃ ከፈለጋችሁ እኔው አለሁ።

ጣሊያን ደብረ ብርሃን በነበረበት ጊዜ፣ ከአንኮበር መጥቼ አንድ ጋራዥ ውስጥ መኪና አጣቢ ሆኜ ተቀጠርኩ። የደብረ ብርሃንን ጠዋት የምታውቁ ታውቁታላችሁ... በርሜሉ ላይ የጋገረውን በረዶ በድንጋይ ሰብሮ፣ በዚያው ውሃ ጭቃ ማጠብ ነው። እስከ እኩለ ቀን ጣቶቼ የእኔ አይመስሉኝም ነበር። ስለዚህ አንድ ምኞት ብቻ ነበረኝ፤ ፒንሳ መያዝ። አስተማሪ ስለሌለኝም ጣሊያኖቹ የሚሉትን ቃል እየሰማሁ ከነትርጉሙ በደብተር እጽፍ ነበር።

አንድ ቀን አለቃችን፣ ካፖ የምንለው ጣሊያን፣ አሮጌ መኪናውን አሳየኝ። የማስነሻውን ሽቦ አይጥ በልቶታል። ቁልፉንና ሞተሩን የሚቀሰቅሰውን የሞተሪኖ መጫኛ አያይዤ ቅዳሜ ካስነሳሁት መካኒክ እሆናለሁ፤ ካልሆነ ወደ በርሜሌ። በጣቱ እያሳየ ነገረኝ። ቀዩ ከባትሪው ወደ ቁልፉ፣ ከቁልፉ ብልጭታ ወደሚሰጠው ቦቢና፤ ወፍራሙ ከባትሪው በመጫኛው በኩል ወደ ሞተሪኖው። የቀረውን የባትሪ ሽቦ ሲያሳየኝ ግን «ኔሮ፣ አ ማሳ» ብሎ ብቻ ሄደ።

ኔሮ ጥቁር ነው፤ ደብተሬ ላይ አለ። «አ» ማለት «ወደ» ነው፤ እሱም አለ። ማሳን መጻፍ ግን አላስፈለገኝም። ማሳ ማሳ ነዋ! ካፖው አማርኛ መልመድ በመጀመሩ ደስ አለኝ እንጂ ምንም አልጠረጠርኩም። ደግሞስ፣ ኤሌክትሪክ የመብረቅ ዘመድ ነው፤ የመብረቅ መጨረሻው መሬት አይደል?

ከጋራዡ ጀርባ ሣር ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን እዚያው ቀብሮ በተገላገለ። ሣር ያለበት ግን መስክ እንጂ ማሳ አይባልም፤ እኔ ደግሞ በእንዲህ ያለ ነገር አልደራደርም። ከወዳደቀው ሽቦ አሥራ አንድ ቁራጭ ቀጣጥዬ፣ እያንዳንዱን መጋጠሚያ በጨርቅ ጠቅልዬ፣ በአጥሩ ሥር አሾልኬ፣ መስኩን አቋርጬ ከጎረቤታችን ከአያ ድንቁ የገብስ ማሳ አደረስኩት። ዳር ላይ እንዳይሆንም ገባ ብዬ የብረት ካስማ ተከልኩና ጫፉን አሰርኩበት። አርባ ሦስት እርምጃ ነው፤ ቆጥሬዋለሁ።

ቅዳሜ ካፖው መጣ። ቁልፉን አዞርኩ፣ መጫኛውን ተጫንኩ... ጭጭ። ደገምኩ። ጭጭ።

ካፖው ሽቦዎቹን አንድ በአንድ አየ። በቀዩም በወፍራሙም አበጀህ በሚል ዓይነት ራሱን ነቀነቀ። ጥቁሩ ጋ ሲደርስ ግን ዓይኑ ሽቦውን ተከትሎ ወደ አጥሩ ሄደ፤ ከአጥሩ ወደ መስኩ፤ ከመስኩ...

ማሳው የት እንደሆነ በቋንቋው ጠየቀኝ። በኩራት ገብሱን አሳየሁት።

ካፖው የመኪናው መወጣጫ ላይ ቁጭ አለ። ሲነሳ ሽቦዬን ቆረጠ፤ የመኪናውን ብረት በቢላ ፍቆ ጫፉን አሰረበትና ብረቱን በመዳፉ እየደበደበ «ማሳ! ማሳ!» አለ። ለካ በእነሱ ቋንቋ የመኪናው ብረት ራሱ ማሳ ነው። መጫኛውን ተጫነ። ሞተሩ ተነሳ፤ የእኔ ተስፋ ወደቀ።

ይህን ጊዜ አያ ድንቁ ካስማውን ነቅለው ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል። ያን ጊዜ ጣሊያን ካስማ የተከለበት መሬት ለባለቤቱ እንደማይመለስ የማያውቅ አልነበረም። ፊታቸው አመድ መስሏል። ከካፖው ንግግር የገባቻቸው አንዲት ቃል ናት፤ እሷንም መኪናውን እየመታ ነው የሚላት።

«አንተ ልጅ» አሉኝ ቀስ ብለው፣ «ማሳህን በመኪናዬ ለውጠኝ ነው የሚለኝ?»

በካስማው ወደ መኪናው እየጠቆሙ ቀጠሉ። «አልለውጥም በለው። የኔ ማሳ ዘጠኝ ነፍስ ያበላል። የሱ ማሳ እንኳን ሰው ሊያበላ፣ ራሱ ካላጠጡት አይነቃነቅም።»

ካፖው ምን እንዳሉ ጠየቀኝ።

«ጥሩ መኪና ነው ብለዋል» አልኩት። በሕይወቴ ሳልለካ የሠራሁት የመጀመሪያ ሥራ ይህ ነው።

ደስ አለው፤ ቢሆንም ሽማግሌው ካስማቸውን ይዘው ቶሎ ከግቢው ይውጡልኝ አለ። ወደ አያ ድንቁ ዞርኩና ካስማውን የተከልኩት እኔ እንደሆንኩ፣ ማሳቸውን ማንም እንደማይነካው፣ ካስማውንም ካፖው ስለ ድካማቸው እንደሰጣቸው ነገርኳቸው። እጅ ነሡ። ካፖውም ግራ ገብቶት ቆቡን አነሳላቸው፤ እሳቸውም ፈገግ እያሉ ወጡ።

ከዚያ አፉን ከፍቶ አየኝ። እስከዚያ ቀን ከእሱ ጋር ተነጋግሮ ፈገግ እያለ የወጣ ገበሬ አልነበረም። ፒንሳውን ከእጄ ወሰደ። ወደ በርሜሌ ልሄድ እጅጌዬን ስሰበስብ፣ እርሳስ ሰጠኝ።

ከሰኞ ጀምሮ መኪና አላጠብኩም፤ ፒንሳም አልያዝኩም። አንዲት ቃል ባለማወቄ የጋራዡ አስተርጓሚ አደረጉኝ።