ስለ እኔ የተሰለፈው ድንጋይ

መጽሐፍ ቅዱስን ከዳር እስከ ዳር እንደ ተጻፈው የሚቀበል ሰው በዓለም ላይ የለም። «አለሁ» የምትሉ ካላችሁ፣ በደርግ ጊዜ የቀበሌ ሱቅ ሰልፍ ላይ አልቆማችሁም ማለት ነው። እኔ ቆሜአለሁ። ልኩን ለመናገር ድንጋዬ ቆሟል።

ያኔ ኮልፌ፣ ከአሥራ ስምንት ማዞሪያ ዝቅ ብሎ ባለው ሰፈራችን፣ ዱቄት መጣ ከተባለ ሰው በማለዳ ወጥቶ ሰልፉ ላይ ድንጋይ ያስቀምጥና ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። ድንጋዩ ሰውዬው ነው፤ ማንም አይነካውም። ድንጋዮቹ ሳይገፋፉ፣ ሳይተማሙ ተራቸውን ይጠብቃሉ። እውነቱን ልናገርና ከባለቤቶቻቸው ይልቅ ጨዋ ነበሩ!

የዚያን ዕለት ዱቄቱ የግድ ያስፈልገኝ ነበር። በማግስቱ መድኃኔዓለም ነው፤ የማኅበሩ ተራ ደግሞ የእኔ። ከቢቸና ወጥቼ እናት አባት በሌለኝ አገር ዘመድ የሆነኝ ያ ማኅበር ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ቤቴ ሲመጣ ድፎ ሳይቆረስ ቢቀር... «የጎጃሟ ሴት በባዶ ሌማት ተቀበለችን» የሚለው ወሬ እኔ ሞቼም አይሞትም።

ስለዚህ ድንጋዬን ከፊት፣ ከእትዬ ብዙነሽ ቀጥሎ አስቀመጥሁና ኪዳን ላደርስ ቀራንዮ ወጣሁ። እትዬ ብዙነሽ የአጥር ጎረቤቴ ናቸው፤ ድንጋይ አያምኑም፣ ራሳቸው ይቆማሉ።

ስመለስ ሱቁ ሊከፈት ነው። ድንጋዮቹ ሁሉ ቦይ ውስጥ ተከምረዋል። ሰልፍ አስከባሪው ደምሴ ክንዱ ላይ ቀይ ጨርቅ አስሮ በሩ ላይ ተገትሯል።

«ድንጋዬስ?»

«ከዛሬ ጀምሮ ድንጋይ ድንጋይ ነው፤ ሰው ሰው ነው። ከኋላ ተሰለፊ፣ ጓዲት አስካለ።»

«ኧረ በመድኃኔዓለም! ድንጋዩ እኮ እኔ ነኝ!»

ደምሴ ፈገግ አለ። አወይ ያ ፈገግታ! ምን ትዝ እንዳለው ወዲያው ገባኝ። ባለፈው የስኳር ሰልፍ ላይ ስለ ዮናስ ተከራክረን ነበር። እሱ «ዓሣው ምሳሌ ነው፤ ዮናስን የዋጠው ችግር ነው» ሲል፣ እኔ «ዓሣ ከተባለ ዓሣ ነው! ክንፍና ቅርፊት ያለው!» ብዬ ስጮህ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶኛል።

«ያኔ ዓሣው ዓሣ ነው አልሽ፤ ዛሬ ድንጋዩ አስካለ ሆነ?»

ሰልፈኛው አውካካ። እነዚህ ዝም ቢሉ ድንጋዮች ይጮኻሉ ተብሎ ተጽፏል። ወደ ቦዩ ዞር ብዬ ጠበቅሁ። የእኔው ዝም አለ።

«የኔታ ይፍረዱን!» አልሁ። የኔታ ትርጓሜ የተማሩ፣ የማኅበራችን አባት ናቸው፤ ሰልፉ መካከል ቆመዋል። ደምሴም ለካ ፊደል የቆጠረው እሳቸው ዘንድ ኖሮ እምቢ ማለት አልቻለም።

የኔታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ትርጓሜ የተማረ ሰው አንድ ነገር ሲጠየቅ ምን እንደሚከተል ታውቃላችሁ...

«ድንጋይ ሲል፣ ድንጋይ ነው። አንድም፣ ያዕቆብ የተንተራሰው ነው። አንድም፣ ጽኑ ምእመን ነው፤ አስካለን ይመስላል።»

«ይኸው!» አልሁ።

«አንድም፣ የፈርዖን ልብ ነው፤ ደምሴን ይመስላል።»

«ኧረ የኔታ!»

«አትቸኩል። አንድም...»

ደምሴ በሩን ትቶ ቀረበ። እኔም ቀረብሁ። ሰልፉ ግን ወደ እኛ አልቀረበም፤ በጎናችን እያለፈ ወደ ሱቁ ይገባ ነበር። ዳዊት ጎልያድን የመታበት ጠጠር ላይ የኔታ ሲደርሱ በሩ ጓ ብሎ ተዘጋ።

«አልቋል!» አለ ሻጩ ከውስጥ።

ከኋላችን የነበሩት ሁሉ ዱቄታቸውን ተሸክመዋል። ኋለኞች ፊተኞች ይሆናሉ የተባለው እንደ ተጻፈው ተፈጸመ። እትዬ ብዙነሽ ቋጠሯቸውን ይዘው ከዳር ቆመው ኖሯል።

«እኔስ መጽሐፍ አልተማርሁም» አሉ። «ለመሆኑ ማን ተረታ?»

ባዶ እጄን አልተመለስሁም። ድንጋዬን ከቦዩ አውጥቼ ይዤ ገባሁ፤ ጥሩ ድንጋይ ሁልጊዜ አይገኝም።

ሁለት ልብስ ያለው ያካፍል የሚለውን እትዬ ብዙነሽ በምን እንደ ተረጎሙት አላውቅም፤ ብቻ ከዱቄታቸው ከፈሉልኝ። ድፎ አልወጣውም፤ ቂጣ ወጣው። በማግስቱ ማኅበርተኛው ቂጣውንና ንፍሮውን አይቶ ምንም አላለም። ዝምታው ግን ቢቸና ድረስ ይሰማል። የኔታ ጸሎቱን አድርሰው ሊያጽናኑኝ ሞከሩ።

«አይዞሽ ልጄ። ልጁ እንጀራ ቢለምነው ድንጋይ የሚሰጠው ማን ነው? ይሄ እንግዲህ ምሳሌ ነው...»

«ምሳሌ ነው?»

ተነሣሁ። በሩን ደግፎ የነበረውን ድንጋዬን አቅፌ አምጥቼ ከሌማቱ አጠገብ አስቀመጥሁት።

የኔታ ድንጋዩን አዩ፤ ቂጣውን አዩ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አንድም እንዳይሉ፣ የኔታ!» አሉ እትዬ ብዙነሽ። «ቂጣውም ያልቃል!»