ከጋሽ ላቢሶ ራስ የወጣችው ቁራጭ

በከተማችን በሆሳዕና የአማርኛ አስተማሪ ከሆናችሁ፣ በአማርኛ የተጻፈ ነገር ሁሉ ይገባችኋል ተብሎ ይታመናል። የቤት ካርታ ይመጣልኛል፤ የፍርድ ቤት መጥሪያ ይመጣልኛል፤ የመድኃኒት ማዘዣ እንኳ፣ በአማርኛ ባይጻፍም፣ ይመጣልኛል። እኔም፣ ምን ልደብቃችሁ፣ መነጽሬን አፍንጫዬ ጫፍ ላይ አድርጌ ለሰው ማንበብ እወዳለሁ። "አላውቅም" ማለትን ግን ማንም አላስተማረኝም ነበር።

ያስተማሩኝ የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ጋሽ ላቢሶ ናቸው።

ጋሽ ላቢሶ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በሌሞ ወረዳ ገበሬዎች ማሳ ላይ የዋሉ የግብርና ባለሙያ ነበሩ። የእጅ ጽሑፋቸው ከማተሚያ ቤት የወጣ ይመስል ነበር። አምና በበጋ ግን መስመሩ ወደ ታች መንሸራተት ጀመረ። ቀጥሎ የሻይ ብርጭቆ ከቀኝ እጃቸው ወደቀ። "እርጅና ነው" አሉ። ሁለተኛው ብርጭቆ ሲወድቅ ባለቤታቸው እትዬ ታደለች፣ "እርጅና አንድ እጅ ብቻ መርጦ አይመጣም" ብለው እየጎተቱ ሐኪም ዘንድ ወሰዷቸው። ከዚያ ወደ አዲስ አበባ ተላኩ። በግራ በኩል አንጎላቸው ውስጥ ዕጢ ተገኘ፤ ፈጥኖ ከሚያድገው ዓይነት ሳይሆን አይቀርም ተባለ። ለቀዶ ሕክምና የሁለት ሳምንት ቀጠሮ ተሰጥቷቸው፣ አንድ የታጠፈ ወረቀት በኮት ኪሳቸው ይዘው ተመለሱ።

ወረቀቱ እንደተለመደው ወደ እኔ መጣ። የስምምነት ቅጽ ነው። በቀዶ ሕክምናው ከሚወጣው ዕጢ ላይ ትንሽ ቁራጭ ለምርምር እንዲቀመጥ ይፈቅዱ እንደሆነ ይጠይቃል። እስከዚህ ድረስ አሳምሬ አነበብኩ። ቀጥሎ "የማይክሮ አር ኤን ኤ መጠንን ለማጥናት" የሚል መጣ። ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምኩት። ጮክ ብለው ሲያነቡት የሚገባ ነገር አለ፤ ይሄኛው አልነበረም።

"ምን ማለት ነው?" አሉ ጋሽ ላቢሶ።

"በጣም ትንሽ የሆነ ነገር ነው።"

"እሱንማ ማይክሮ ሲል ሰማሁ። ምን ይሠራል?"

"አላውቅም" አልኩ። የፈራሁትን ያህል አላመመም።

ቅጹ ላይ ምርምሩን የምትሠራው ዶክተር ስልክ ነበር። ደውለን ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥነው። ወጣት ናት፤ አልቸኮለችም። በየሕዋሱ ውስጥ ምን እንደሚሠራ የሚያዝዙ መልእክቶች ይተላለፋሉ አለችን። ማይክሮ አር ኤን ኤ የሚባሉት ጥቃቅን ነገሮች ደግሞ እነዚያን መልእክቶች እየያዙ አንዱን ዝም ያሰኛሉ፣ ሌላውን ያለዝባሉ። እንዲህ ባለው ዕጢ ውስጥ ግን ሚዛኑ ይዛባል፤ አንዳንዶቹ ከልክ በላይ በዝተው "ማደግህን አቁም" የሚለውን መልእክት ያፍናሉ፣ ዕድገቱን ይገቱ የነበሩት ደግሞ ይመናመናሉ። የትኞቹ እንደበዙና የትኞቹ እንዳነሱ ማወቅ አንድ ቀን በሽታውን ለመለየት፣ ምናልባትም ለማከም ይረዳል።

"እኔን ይረዳኛል?" አሉ ጋሽ ላቢሶ።

"አይ ጋሼ። እርስዎን አይረዳዎትም። ልዋሽዎት አልፈልግም።"

ጋሽ ላቢሶ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ልጅቷን ወደዷት።

እሑድ ከጸሎት ቤት መልስ ቤተሰቡ ተሰበሰበ። ሽማግሌው አጎታቸው፣ ሰው ፈጣሪው ፊት ሙሉ አካሉን ይዞ መቅረብ እንዳለበት ተናገሩ። እሳቸው ራሳቸው የፊት ጥርሳቸውን የት እንዳስቀመጡት ባለቤቴ ልትጠይቅ ስትል በእግሬ ነካ አደረግኳት። ሁሉም የልቡን ከተናገረ በኋላ ጋሽ ላቢሶ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"አጠውልግ በሽታ የገባበትን የሰው እንሰት ስንት ጊዜ ቆርጬ ለምርመራ ወስጃለሁ። ለባለ እንሰቱ የምሰጠው መድኃኒት አልነበረኝም። ለሌላው ይጠቅማል እያልኩ ነው የቆረጥኩት። አሁን እኔ ጋ ሲደርስ እምቢ ልበል?"

እትዬ ታደለች ስልኬን ተቀብለው ለዶክተሯ ደወሉ። በሀዲይኛ ያሰቡትን ቀስ እያሉ ወደ አማርኛ እያመጡ፣ "ለአንቺ ጥናት ተብሎ ከራሱ ተጨማሪ ይቆረጣል ወይ?" አሉ። ተምረናል የምንለው ሁሉ ይህን አልጠየቅንም።

"አይቆረጥም እማማ። ለሕክምናው ከሚወጣው ላይ ብቻ ነው።"

"ድገሚው።"

ደገመችው። እትዬ ታደለች ስልኩን መለሱልኝና እስክሪብቶ አመጡ። ጋሽ ላቢሶ ቀኝ እጃቸውን በግራቸው ደግፈው ስማቸውን ለመጻፍ ብዙ ቆዩ። ልርዳዎት ያለ አልነበረም።

ቀዶ ሕክምናው በሰላም አለቀ። ሲነቁ ግን አማርኛቸው የለም። ሀዲይኛቸው ተርፏል፤ ከአማርኛው የቀረችው "እሺ" ብቻ ናት። ዕጢው የነበረው ቋንቋ ባለበት በኩል ስለሆነ ነው፣ ኋላ የተማሩት ቀድሞ የሚሄድበት ጊዜ አለ ተባልን። እኔ ደግሞ እዚሁ የተወለድኩ የጉራጌ ባለሱቅ ልጅ ብሆንም ሀዲይኛዬ ከሰላምታ አይዘልም። ስንት ዓመት ሙሉ በአማርኛ ካጫወቱኝ ሰው አጠገብ አፌን ዘግቼ መቀመጡ አሳፈረኝ። ስለዚህ በዚህ ዕድሜዬ ደብተር ገዝቼ ከባለቤቴ መማር ጀመርኩ።

ጋሽ ላቢሶ ባዩኝ ቁጥር የቁራጯን ነገር ይጠይቃሉ፤ እኔም እደውላለሁ። አንድ ቀን ዶክተሯ፣ ናሙናው ሌሎች እስኪሰበሰቡ ማቀዝቀዣ ውስጥ እንደሚቆይ ነገረችኝ። ባለቤቴን ሳላማክር ራሴ በሀዲይኛ አዘጋጅቼ፣ አልጋቸው አጠገብ ቆሜ በኩራት ተናገርኩ። እትዬ ታደለች አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ለካ፣ "እርስዎን ሌሎች ሰዎች እስኪሰበሰቡ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስገብተውዎታል" ነው ያልኩት።

ጋሽ ላቢሶ ጣሪያ ጣሪያውን አይተው በቀስታ አንድ ነገር አሉ። ባለቤቴ እንባዋን እየጠረገች ተረጎመችልኝ፤

"እንግዲያው ጋቢዬን ላኩልኝ።"

ዕጢው ተመልሶ መጣ። ክረምቱ ሳያልቅ ጋሽ ላቢሶ አረፉ። ጥናቱ ግን አላለቀም። አሁንም አልፎ አልፎ እደውላለሁ፤ ዶክተሯም ሳትሰለች ታነሳና "ገና ነው" ትለኛለች። ይህችን "ገና ነው" ይዤ ወደ እትዬ ታደለች እሄድና በሀዲይኛ እነግራቸዋለሁ። እሳቸውም መጀመሪያ አነጋገሬን ያርሙኛል፤ ከዚያ ወንበር ያቀርቡልኛል።