ሄድዊግ ጠመንጃቸውን እንዳጎረሱና ቀለሁን እንዳስተፉ

አልቢን በኦበርሙስ መንደር የተኳሾች ማኅበር ላይ በነገሠ በአሥራ አራተኛው ዓመት፣ ባሌ ቴኦፊል ባረፈ በአሥራ ዘጠነኛው፣ በወርኃ ግንቦት፣ የማኅበሩ መዝገብ እንዲህ ብሎ ዋሸ፦ «በሊቀ መንበሩ ብርቱ አመራር አንድ ያረጀ ጠመንጃ ተጠገነ።» አለቀ። ስሜ የለም። ለተበላው ቋሊማ ሁለት ገጽ ተሰጥቶታል። ስለዚህ እኔ፣ ትምህርት ቤት በረዶ መንገዱን ባልዘጋበት ቀን ብቻ የሄድኩ ሴት፣ ዜናውን ራሴ ጻፍኩ። ስለ ራሴም «እሳቸው» እያልኩ እጽፋለሁ፤ በዚህ መንደር ሌላ የሚለኝ የለምና።

ወእምዝ ኃያሊቱ ሄድዊግ፣ የሰባት ፍየሎች እመቤት፣ የሁለት ሊቀ መናብርት ቀባሪ፣ ቴኦፊል በወታደርነቱ የተሸከማትን ጠመንጃ ከጣሪያ ሥር አውርደው፣ ዝገቷን አራግፈው፣ ሰደፏን በተልባ ዘይት አሽተው፣ እንደ ሙሽራ አስውበው፣ በጸደዩ የጽዳት ቀን ወደ ተኩስ ቤቱ ይዘዋት ወረዱ። በዚያም ቀን እንደ አገሩ ሥርዓት የሁሉም ጠመንጃ የጥይት ካዝና እየተነቀለ በአንድ ሳፋ ታጠበና ለየባለቤቱ ተመለሰ። ተመለሰ ተባለ ማለቴ ነው። መላሹ አልቢን ነበር።

ከዚያ ወዲያ ጠመንጃዪቱ ታመመች። ጥይት አልጎርስም አለች፤ ጫፉ ከጉሮሮዋ በታች እየመታ ይቆማል። በግድ ቢያጎርሷትና ብትተኩስ ደግሞ ቀለሁን አትተፋም፤ መቀርቀሪያዋ ሲሳብ ቀለሁ ተነክሶ ይቀራል። ሕዝቡ ሳቀ። አልቢንም ጢሙን ጠምዝዞ፣ የቢራ በርሜል ላይ ወጥቶ አዋጅ ነገረ፦

«ስሙ፣ ወገኖቼ! የእማማ ሄድዊግ ጠመንጃ እንደ ባለቤቷ ጥርስ የላትም! እስከ እሑዱ የመስክ ተኩስ ውድድር ካልዳነች መሸታ ቤቱ ግድግዳ ላይ፣ ከአጋዘኑ ቀንድ ጎን ትሰቀላለች! አይክፋዎት እማማ፣ እዚያ ሆና ቢያንስ ቢራ ሲጠጣ ታያለች!»

ጠመንጃዪቱ በማኅበሩ ስም የተመዘገበች ናትና ቃሉ ይጸናል። ሚስማሩንም በዚያው ቀን መታው። ከቴኦፊል የቀረችኝ እሷ ብቻ ናት። የሰካራም ባርኔጣ መስቀያ ልትሆን ነው?

እሳቸውም ነጋሪት ሳያስጎስሙ ዘመቱ፤ በወጥ ቤቱ ጠረጴዛም ሰፈሩ። ሠራዊታቸውም ይህ ነበር፦ በቀኝ የቴኦፊል እህት ሊና፣ በአንድ ዓይን እያየች በሁለት ሰው አፍ የምትናገር፤ በግራ ውሻው ቤሪ፤ በደጀን ፍየሎቹ። መሣሪያቸውም የሹራብ መርፌ፣ ላምባ፣ የሟቹ የጥርስ ብሩሽና ባሩድ የሌላቸው ስድስት የልምምድ ጥይቶች።

ማክሰኞ ጥይቱን ጠረጠሩ፤ በሌላ ቀየሩት፤ ያው ነው። ረቡዕ የካዝናውን ሞላ ጠረጠሩ፤ ሞላው እንደ ኮርማ ይገፋል። ሐሙስ ግን መቀርቀሪያዋን አውጥተው ቢያዩ፣ ቀለሁን የምትወረውረው ጥርስ የምትገባበት ስንጥቅ በቢጫ ቅባት ተደፍኗል፤ የአርባ ዓመት ቅባት፣ እንደ አሮጌ አይብ የደረቀ። ሊናም ተነሥታ አወጀች፦ «ወንድሜ በየቅዳሜው ጠመንጃውን የሚቀባ ንጹሕ ሰው ነበር!» ሄድዊግም መለሱ፦ «ቀባ እንጂ መች ጠረገ! እኔንም እንደዚሁ ነበር፤ ያመሰግነኛል እንጂ ሳህን አያጥብልኝም!» ከዚያም በላምባ አርሰው፣ በመርፌ ቆፍረው ጠረጉት። መቀርቀሪያዋን ሲስቡት ጥይቱ ተፈናጥሮ ወጣና ቤሪን ከምድጃው ሥር አባረረው። መትፋት ተፈወሰ።

መጉረስ ግን እስከ ቅዳሜ እንቢ አለ። ሄድዊግም ካዝናውን ወደ መስኮቱ ይዘው በብርሃን አገላበጡት። በጠመንጃዪቱ ላይ ሦስት መቶ ሰማንያ ስምንት ተቀርጿል፤ በካዝናው ላይ መቶ አምስት። የራሷ አይደለምና ዝቅ ብሎ ይቀመጣል፤ ስለዚህ ጥይቱ ጉሮሮዋን ይስታል። መቶ አምስት የማን ነው? መንደሩ ሁሉ ያውቃል፤ አልቢን የጠመንጃውን ቁጥር የፖስታ ሳጥኑ ላይ ሳይቀር አስጽፎታል። ሳምንቱን ሙሉ የእሱም ጠመንጃ ስትታነቅ በነፋሱ ያላክክ ነበር። ነፋስ ጥይት ያጎርሳል እንዴ?

እሑድ በሠራዊታቸው ታጅበው ወረዱ። በሕዝቡ ፊት ከአልቢን ጠመንጃ ላይ ካዝናውን ነቅለው፣ ሦስት መቶ ሰማንያ ስምንት የሚለውን ቁጥሩን ከፍ አድርገው አሳይተው አወጁ፦ «አንተ አልቢን! የሰው ጥርስ አፍህ ውስጥ ይዘህ ነው ድዳም የምትለኝ?» እሱም ቋሊማውን ሰናፍጭ ውስጥ ነከረ። ከዚያም ካዝናውን ለጠመንጃቸው መልሰው፣ ተኝተው አሥራ ስምንት ጥይት ተኮሱ። አሥራ ስምንቱን ጎረሰች፤ አሥራ ስምንቱን ተፋች። የመጨረሻው ቀለህ አየር ላይ ተገለባብጦ በአልቢን ሰናፍጭ መካከል አረፈ።

ወሞአት ሄድዊግ! የካዝና አስመላሽ፣ የቅባት ጠራጊ፣ ሰናፍጭ ወራሪ፣ በሰማንያ አንድ ዓመታቸው ያለ መነጽር ዒላማ የመቱ! ጠመንጃቸውም ዛሬ ከአልጋቸው ራስጌ ናት።

ሚስማሩ ግን እስካሁን ግድግዳው ላይ አለ። አልቢን ሆይ፣ እንዳትነቅለው። ይህን ወረቀት ስቀልበት፤ ቅዳሜ መሸታ ቤቱ ሲሞላም በርሜሉ ላይ ወጥተህ ከላይ እስከ ታች ድምፅህን ከፍ አድርገህ አንብበው። ስሜ ጋ ስትደርስ ባርኔጣህን አውልቅ።