የሰው ዛፍ

ነፋስ ሰውን ያጎራብታል ብላችሁ ትስቁብኝ ይሆናል። እኔም ከመጻፌ በፊት ደጋግሜ አስቤበታለሁ፤ ልክ መሆኔን አሁንም እርግጠኛ አይደለሁም። ግን ቦሌ አራብሳ የኖረ ሰው ይፈርድልኛል። ኮንዶሚኒየሙ ደርሶን የገባን ሰሞን ከብሎካችን በስተምሥራቅ ከእርሻ በቀር ምንም አልነበረም። የበጋው ነፋስ በዚያ ሜዳ ተንደርድሮ ይመጣና ምሳችን ላይ አቧራ ይነሰንሳል፣ ያሰጣነውን አንሶላ ነጥቆ ይሄዳል። የተዋወቅነው አንሶላ ፍለጋ ስንወጣ ነው። «ይኼ የእርስዎ ነው?» «አይ፣ የኔ አበባ አለበት።» በቃ፣ ጎረቤት ሆንን።

አንድ ክረምት ችግኝ ታደለን፤ ግራቪሊያ። ነፋሱ በሚመጣበት በኩል በረድፍ እንድንተክለው ተነገረን። እኔ ሲባጎ ወጥሬ ርቀቱን ስለካ ምድር ቤት የሚኖሩት እትዬ የሺ፣ «ይኼ ልጅ ሳይለካ ውሃም አይጠጣ!» ብለው ሰውን ሁሉ አሳቁብኝ። ከዚያ በፊት በየዘመቻው የተከልነው ችግኝ ግን «የሁላችንም ነው» እየተባለ፣ ፎቶ ከተነሣንበት በኋላ ደርቆ ቀርቷል። ስለዚህ የብሎኩ ኮሚቴ ብልሃት ዘየደ፦ ለእያንዳንዱ ቤት አንድ ዛፍ፣ በእያንዳንዱ ዛፍ ላይ የቤቱ ቁጥር የተጻፈበት ቆርቆሮ።

ብልሃቱ ሠራ። ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ሁሉም ጀሪካኑን አንጠልጥሎ ይወጣል። ከውሃው ይልቅ ወሬው ይበዛ ነበር። የግንባታ ዕቃ ነጋዴው ጋሽ ተክላይ ዛፋቸውን «ጠጣ፣ ጎበዝ!» እያሉ ሲያባብሉ እትዬ የሺ ዝም አይሉም።

«ጋሽ ተክላይ፣ የእርስዎ ከሳብዎት። ሲሚንቶ ይጨምሩለት እንጂ!»

«የአንቺ ደግሞ ወፈረ እንጂ መች ረዘመ?»

ያን ጊዜ ነፋሱ እንደ ጉድ ይነፍስ ነበር። ማንም ግን ቤቱ አይገባም።

ከዚያ ጋሽ ተክላይ ቤታቸውን አከራይተው ወደ ሲኤምሲ ሄዱ። በጋው ሲመጣ ዛፋቸው ደረቀ፤ ያውም ሁላችንም ጀሪካን ይዘን በአጠገቡ እያለፍን። ተከራይዋ፣ «ውሌ ላይ ዛፍ የለም» አለች። እውነቷን ነው። እኛስ? ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። አንዱ ሎሚውን ጥሎ ቢሄድ ማን እንደሚያነሣለት ግን የነገረን የለም። የሰው ዛፍ ነዋ! ማጠጣት መዳፈር መሰለን። በጨዋነታችን ገደልነው።

የቀሩት ዛፎች አደጉ። ነፋሱ ቆመ፣ አንሶላም መብረር ተወ፣ ጀሪካኖቹ የትም ተጣሉ። ቅዳሜም በየቤታችን ገባ። ደረጃ ላይ ስንተላለፍ «ሰላም ነው?» «ሰላም» እንባባላለን፤ መልሱን ቆሞ የሚሰማ የለም።

የጋሽ ተክላይ ዛፍ የተወው ክፍተት ግን አለ። የተከለከለው ነፋስ ሁሉ በዚያች በር ተጠራርቶ ይገባል፤ የሚገባውም ቀጥታ እትዬ የሺ ደጃፍ ነው። እሳቸው ደግሞ አስም አለባቸው። ባለፈው በጋ በራቸውን ዘግተው ከረሙ። ልጃቸው መጥታ፣ «የሚመጣው በጋ እዚህ አያገኝሽም፤ ጎሮ እኔ ጋ ትገቢያለሽ» ብላ ቆረጠች። እትዬ የሺ ለእኔ ሲነግሩኝ ዛፎቹን እያዩ ነበር።

ቦታው ላይ ሌላ ችግኝ እንትከል ብዬ ኮሚቴውን ጠየቅሁ። በደረቀው እንጨት ላይ ቆርቆሮው አሁንም ተንጠልጥሏል። ሰብሳቢው ወደ እሱ እያመለከተ፣ «በሰው ቦታ ላይ? ባለቤቱ ሳይፈቅድ?» አለኝ። ለጋሽ ተክላይ ደወልኩ።

«ደረቀ? እናንተ እያላችሁ?» አሉኝ።

በቀጣዩ ቅዳሜ መጡ። ችግኙን ጋቢና አስቀምጠው ቀበቶ አስረውለታል። ተከሉት። እስኪያድግ ድረስ እኔ ክፍተቱ ላይ ግንድ ለግንድ ሸራ ወጠርኩ (ለክቼ ነው)። የእትዬ የሺ ልጅ መጥታ ደጃፉ ላይ ቆመች፣ ሸራውን አየት አደረገች፤ «እስቲ ይሁን» ብላም ሄደች።

ጋሽ ተክላይ ግን በዚያው አልቀሩም። ክረምቱ ወጥቶ መሬቱ መድረቅ ሲጀምር በየቅዳሜው ከሲኤምሲ ጀሪካን ጭነው ይመጣሉ። ውሃ እኛ ጋ የሌለ ይመስል! በመጀመሪያ እትዬ የሺ በርጩማቸውን ይዘው ወጡ። ቀጥሎ ተከራይዋ ወጣች። ከዚያ ሰብሳቢው፣ ከዚያ ሌሎቹም፤ የሚያጠጡት ነገር ሳይኖራቸው።

ባለፈው ቅዳሜ ፍግ በባልዲ ይዤ ወረድኩ። ችግኙ ቶሎ እንዲያድግ በአግባቡ መጥኜ ያዘጋጀሁት ነው። እትዬ የሺ እጄን ያዙኝ።

«ተው ልጄ፣ ቀስ ብሎ ይደግ።»

«አስምዎስ፣ እትዬ?»

«ሸራህ አለ አይደል? ይኼ ካደገ በኋላ ማን ሊመጣ ነው?»

ባልዲዬን አየሁ፣ እሳቸውን አየሁ። ግማሹን ብቻ ጨመርኩ።