የእግሬ ቤተ ዘመዶች

ትናንት ሌሊት በሕልሜ ለእግሬ ሽማግሌ ላክሁ።

ሳቁ፤ ግድ የለኝም። ግራ እግሬን ከጉልበቴ በታች ስኳር በሽታ በልቶታል። የሦስት አገር ተመራማሪዎች ተባብረው በማሽን እግር ያትማሉ አሉና፣ «ለእርስዎም እንሠራለን» ብለው ጉልበቴን ለክተው ከሄዱ ሁለት ክረምት አለፈ። እስከዚያው ከአልጋ ወደ ደጅ የምታመላልሰኝ ምራቴ ትርንጎ ናት፤ አዝላ። ልጄ እንዳያገባት ታቦት የለመንሁባት ሴት! ጀርባዋ ላይ ሆኜ ስንት ጊዜ «ምድር ተከፍታ በዋጠችኝ» ብያለሁ።

የላክኋቸው ሽማግሌዎች ታዲያ ሦስት ጥጆች ነበሩ፤ ጋቢ ለብሰው፣ ከዘራ ይዘው። እኔም በአንድ እግሬ እየዘለልሁ ተከተልኋቸው። መንገዱ አላስቆም አለን፤ እኛ ስንቆም እሱ ይሄዳል። በመንገዱ ዳር ማሰሮዎች ሸክላ ሠሪዎችን ፀሐይ ላይ አስጥተዋል። ቢላዋዎች አንጥረኛ ይሞርዳሉ።

«ይኸኛው ገና አልበሰለም» አለች አንዷ ማሰሮ፣ የአንዱን ሸክላ ሠሪ ራስ በጆሮዋ ኳ ኳ አድርጋ።

ከእግሪቱ ቤት ደረስን። ማሽኑ ከፍ ካለ ወንበር ተቀምጦ የተማሩ ሰዎችን ይሠራል፤ ከተረከዛቸው ጀምሮ እንደ ስፌት እያዞረ፣ እየደራረበ። አንዱ ፕሮፌሰር እስከ አንገቱ አልቆ ተገትሯል።

«ራሱስ?» አልሁ።

«ራሱ ከሌላ አገር ነው። ገና መርከብ ላይ ነው» አለኝ ማሽኑ።

የእግሪቱ ቤተ ዘመዶች ሦስት ነበሩ፤ አንዱ ጀርመን፣ አንዱ ኮሪያዊ፣ አንዱ የኛው ሰው። ሦስቱም ሱሪያቸውን ባንገታቸው አጥልቀዋል። ጥጆቹ እንደ ወጉ አንቀመጥም አሉ።

«እግሪቱን ለወይዘሮ አንጓች ስጡን» አለ ትልቁ ጥጃ።

«መጀመሪያ ዘር ይቆጠር» አለ ጀርመኑ፣ ጥርት ባለ የጎጃም አማርኛ። «የሴትዮዋ ጉልበት የማን ወገን ነው?»

«የናቴ!» አልሁ። «የናንተይቱስ?»

ተያዩ።

«ቁርጭምጭሚቷ የኔ ነው» አለ ጀርመኑ።

«ቆዳዋ የኔ» አለ ኮሪያዊው።

«ስሟን ያወጣሁ እኔ ነኝ» አለ የኛው ሰው፣ ሌላ ያዋጣው ቢጠፋው።

«እንግዲያ ስጡኛ! ሰው ጀርባ ላይ ልሙት ወይ?»

«ልጃችን ገና ናት» አሉ ባንድ አፍ። «ትማር። ጥናት አለባት።»

ይኸን ጊዜ እግሪቱ ራሷ ከጓዳ ብቅ አለች። ነጭ፣ ሸንቃጣ፣ ጠባሳ የማታውቅ። ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«እኔን የምትለብሰኝ ይቺ አሮጊት ናት?»

«አንቺ ስድ! ማን መሰልሁሽ!» ብዬ ተንደረደርሁ። እሷ በበሩ ወጥታ እብስ! እኔ ከኋላዋ፣ ጥጆቹ ከኋላዬ። ቁልቁለቱ ሽቅብ ይወጣል፤ ወንዙ ድልድዩ ላይ ይፈሳል፤ እሷ አትቆም፣ እኔ አልቆም። ልደርስባት ስል፣ ተረከዟን ጣቴ ነካው። ለካ ትሞቃለች፤ እንደ ሰው ገላ።

ትከሻዬን አንድ ሰው ነቀነቀኝ።

«እማማ! ይነሡ እንጂ! ከዩኒቨርሲቲው ደወሉ።» ትርንጎ ናት። «እግሩ አልቋል አሉ።»

ዘልዬ ተቀመጥሁ። «መቼ ያመጡታል?»

ስልኳን ከብብቷ አወጣች።

«አያመጡትም። ውጭ አገር ትልቅ ስብሰባ ላይ ሊያሳዩት ይዘውት ሄደዋል። እዚያው ይቀመጣል አሉ። ለእርስዎ ምስጋናና ፎቶ ልከዋል።»

ስልኳን አሳየችኝ። እግሬ መስተዋት ሣጥን ውስጥ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ዙሪያውን ባለ ከረባት ሁሉ ያጨበጭብለታል።

«መልሰው ይደውላሉ። ምን ልበላቸው?»

«እግሬን ሰላም በሉልኝ በያቸው።»

ሌላ አልጠየቀችኝም። ስልኩን ብብቷ ሥር ከተተችና ጀርባዋን ሰጥታኝ ቁጢጥ አለች።

«በሉ፣ አንገቴን ይያዙ።»

ያዝሁ።